ለሉፐስና ለሚያስከትለው የኩላሊት ሕመም የሚያጋልጡ የዘር ውርስ ምክንያቶች

ሉፐስ የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት የራሱን ሕዋሳት እንደ ባዕድ ቆጥሮ በሚያጠቃበት ጊዜ የሚከሰት፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሥር የሰደደ ሕመም ነው። ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ልብንና ሳንባን ሊጎዳ የሚችል ሲሆን፣ ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ኩላሊት ላይ ሲደርስ ነው። ከ10 ታማሚዎች ዘጠኙ ያህል ሴቶች ሲሆኑ አብዛኞቹም በመውለጃ ዕድሜ ላይ የሚገኙ ናቸው።

በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ተደጋግሞ መታየቱ ከዘር ውርስ ጋር ያለውን ግንኙነት ያመለክታል። ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ዘረመል ካላቸው መንትዮች መካከል አንዷ ስትታመም የሌላዋ የመታመም ዕድል ከሌሎች መንትዮች በብዙ እጥፍ ይልቃል። ይሁንና በርካቶቹ ሳይታመሙ ስለሚቀሩ ውርስ ብቻውን በሽታውን እንደማያመጣ ግልጽ ነው። የፀሐይ ጨረር፣ አንዳንድ የቫይረስ ልክፍቶችና ሆርሞኖችም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ከሉፐስ ጋር የተያያዙ ከ100 በላይ የዘረመል ሥፍራዎች እስከ አሁን የተለዩ ሲሆን፣ የእያንዳንዳቸው ተጽዕኖ አነስተኛ ነው። በአንድ ዘረመል ጉድለት ብቻ የሚመጣ ሉፐስ እምብዛም አያጋጥምም። የሞቱ ሕዋሳትን ከሰውነት ለማጽዳት የሚረዳው ሲ1ኪው የተባለው ፕሮቲን ከነጭራሹ የሌላቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ በሉፐስ ይያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነ ምርምር ደግሞ በአንዲት ስፔናዊት ልጅ ላይ ቲኤልአር7 በተባለው ዘረመል የታየ አንድ ለውጥ ለሕመሙ መነሻ መሆኑን አረጋግጧል። ዘረመሉ የሚገኘው ሴቶች ሁለት ቅጂ ባላቸው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ በመሆኑ፣ በሽታው በሴቶች ላይ የሚበረታበትን ምክንያት በከፊል ለማስረዳት ያግዛል።

ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው አንድ ወቅት የኩላሊት ብግነት ያጋጥማቸዋል። ሰውነት በራሱ ላይ የሚያመርታቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ተጣብቀው ደም በሚያጣሩት ጥቃቅን የኩላሊት ክፍሎች ላይ ስለሚከማቹ ማጣሪያው ይቆስላል፤ ፕሮቲንና ደምም ወደ ሽንት ያመልጣሉ።

የአንዳንዱ ታማሚ ኩላሊት በሕክምና ሲያገግም የሌላው ፈጥኖ ሥራውን የሚያቆምበትን ምክንያት በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ መረጃ ተገኘ። ይኸውም ኤፒኦኤል1 የተባለው ዘረመል ጂ1 እና ጂ2 የተሰኙ ሁለት ልዩ መልኮች ያሉት መሆኑ ነው። ዘረመሉ የእንቅልፍ በሽታን የሚያመጡ ጥገኛ ተሕዋስያንን የሚገድል ፕሮቲን የሚያመርት ሲሆን፣ እነዚህ መልኮች መደበኛውን ፕሮቲን የሚቋቋሙትን ተሕዋስያን ጭምር ለመከላከል ያስችላሉ። በዚህም ሳቢያ በምዕራብ አፍሪካ በስፋት ተሰራጭተዋል። ከእናትም ከአባትም የወረሳቸው ሰው ግን ኩላሊቱ ለጉዳት የተጋለጠ ይሆናል። ነገሩ የወባንና የማጭድ ቅርጽ ያለው የደም ሕዋስ በሽታን ዝምድና ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በጥቁር አሜሪካውያን ላይ የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሁለት ቅጂ የወረሱ የሉፐስ ታማሚዎች ኩላሊታቸው ሙሉ በሙሉ ሥራ የማቆሙ ዕድል ከሌሎቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። መልኮቹ ጉዳቱን የሚያባብሱ እንጂ ሉፐስን ራሱን የሚያስነሱ አይደሉም።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያውያን በጥናቶቹ ውስጥ ልዩ ሥፍራ አላቸው። የሀይፋ ተመራማሪዎች የተሳተፉባቸውና እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 የወጡ ሥራዎች በመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን ናሙናዎች ውስጥ ሁለቱን መልኮች አላገኙም፤ ኤች አይ ቪ የሚያስከትለው ልዩ የኩላሊት በሽታም በኢትዮጵያውያን ላይ ያልታየው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ገልጸዋል። “አፍሪካዊ ዝርያ” የሚለው ጥቅል አነጋገር ለሐኪም ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህ ማለት ግን ኢትዮጵያዊት የሉፐስ ታማሚ ኩላሊቷ አይጎዳም ማለት አይደለም፤ ለብግነቱ የሚያጋልጡ ሌሎች በርካታ ዘረመሎች አሉና። ጉዳቱ በመጀመሪያ ሕመም ላይሰማ ስለሚችል የፊት ወይም የእግር እብጠት፣ አረፋ የበዛበት ሽንትና የደም ግፊት መጨመር ሲታይ ሳይዘገዩ መመርመር ያስፈልጋል። ምንም ምልክት ሳይኖርም ቢሆን የሽንት ፕሮቲን፣ የደም ግፊትና የክሬአቲኒን መጠን በየጊዜው ይለካል። የጉዳቱ ዓይነት የሚለየው ከኩላሊት በመርፌ በሚወሰድ ናሙና ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለአብዛኞቹ ታማሚዎች የሚታዘዝ ሲሆን፣ ብግነቱ ሲበረታ ፕሬድኒሶሎን ከማይኮፌኖሌት ወይም ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር ይሰጣል። ከእነዚህ መካከል ማይኮፌኖሌትና ሳይክሎፎስፋማይድ ፅንስን ስለሚጎዱ፣ ለመውለድ ያሰበች ታማሚ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማማከር ይኖርባታል።