ቅኝት ድቤ፦ በሰልፍ ላይ የሚቃኝ ከበሮ

«ቴነር» የሚለውን ቃል አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ከመዘምራን ወይም ከሳክስፎን ነው። በመዘምራን መካከል የወንዶች ቀጭኑ ድምፅ ቴነር ይባላል፤ ጌታቸው መኩሪያ ስሙን የተከለበትም መሣሪያ ቴነር ሳክስፎን ነው። ወደ ከበሮ ሲመጣ ግን ቃሉ ግር ያሰኛል። ከበሮ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቀጭንና ወፍራም እያለ የሚያዜመው?

የሰልፍ ቴነር ድራም የሚባለው በማርሽ ባንድ ውስጥ አንድ ሰው በትከሻው አንግቶ፣ እየተራመደ የሚመታው የከበሮዎች ስብስብ ነው። በአንድ ማንገቻ ላይ የተያያዙ አራት ዋና ከበሮዎች አሉት። የተለመደው የአፋቸው ስፋት 10፣ 12፣ 13 እና 14 ኢንች ነው። አንዳንዱ ስብስብ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ኢንች የሆኑ አንድ ሁለት ትንንሾችም ይጨመሩበታል። ሁሉም ቆዳ ያላቸው ከላይ ብቻ ነው፤ ከታች ክፍት ናቸው። ትንንሾቹ መሐል ላይ፣ ትልልቆቹ ዳርና ዳር ይቀመጣሉ። በባንዱ ውስጥ ታምቡሩ ከላይ ሆኖ ይንጣጣል፣ ትልቁ ባስ ድራም ከታች እርምጃውን ይይዛል፤ በሁለቱ መካከል ከፍ ዝቅ የሚለው፣ ዜማ ዜማ የሚሸተው ነገር የቴነሮቹ ነው። ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ከመሐል ቦታቸው ነው።

ለዚህ መሣሪያ የማቀርበው አማርኛ «ቅኝት ድቤ» ነው። ሁለቱም ቃላት አዲስ አይደሉም፤ አዲሱ መገናኘታቸው ነው። «ከበሮ»ን ያልመረጥኩት ከበሮ ሲባል የአንባቢ ሐሳብ በቀጥታ ወደ ማኅሌቱ ስለሚሄድ ነው። «ነጋሪት» የመንግሥት ነው፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮም የሕግ ጋዜጣ መጠሪያ ሆኖ ተይዟል። «ታምቡር» የራሱ ባለቤት አለው። ድቤ ግን በአማርኛ የቆየ ቃል ሆኖ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ነው። በምዕራብ ሸዋ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ ወይም በጌዶ ያለ ወጣት አፋን ኦሮሞ ሲናገር ከበሮን ዲቤ ስለሚል ቃሉን የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም።

ቅኝት የሚለው ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። በእኛ አነጋገር ክራር ይቃኛል፣ በገና ይቃኛል፣ ማሲንቆ ይቃኛል፤ ከበሮ ግን ይወጠራል። ይህ ልዩነት ከንቱ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ከግንድ ተፈልፍሎ፣ በሁለት አፉ ቆዳ ለብሶ፣ በጠፍር ይጠፈራል። ሰፊው አፉ ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ አፉ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። የሁለቱ ርቀት የሚወሰነው በሠሪው እጅና በግንዱ ቅርፅ ነው፤ አንዴ ከተጠፈረ በኋላ «ጠባቡን አፍ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርግልኝ» ብሎ የሚያዝ መሪጌታ የለም። በክረምት ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ሲረግብ ፀሐይ ላይ ይወጣል ወይም እሳት ዳር ይቀመጣል፤ ሲደርቅ ይወጠራል፣ ድምፁም ይመለሳል። ይህ መወጠር እንጂ መቃኘት አይደለም። ቅኝት ድቤ ላይ ግን እያንዳንዱ ከበሮ ከጎረቤቱ ጋር የታወቀ ርቀት ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ነው የክራሩን ቃል ለድቤው የተበደርኩት።

አንድ ሰው ከአንድ በላይ ከበሮ ይዞ መጓዙ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የጥንቱ ነጋሪት በበቅሎ ጀርባ ግራና ቀኝ ተጭኖ፣ መቺው በላዩ ተቀምጦ በዘመቻ ይሄድ ነበር። በአውሮፓ መሣሪያ የተደራጀው የማርሽ ባንድ ደግሞ በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው አርመናውያን «አርባ ልጆች»ና ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ስሙ ይነሣል። በአምቦ መንገድ ላይ ያለችው ሆለታም በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የሚያስተምሩበት የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶባታል፤ በምት መራመድ ለዚያ አካባቢ የቆየ ትምህርት ነው። ባለ ብዙ አፉ ቴነር ድራም ግን ከሁሉም በኋላ፣ በአሜሪካ የሰልፍ ባንዶች እጅ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የጎለመሰ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር የመጠን ልዩነት ብቻውን ቅኝት አለመሆኑ ነው። ብዙ ሰው «አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ ነው፤ ድምፃቸው በራሱ ይለያያል» ብሎ ሁሉንም እኩል አጥብቆ ይተዋል። ሒሳቡን እንየው። በእኩል ውጥረት የተያዘ አንድ ዓይነት ቆዳ ድምፁ ከስፋቱ ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። 14 ለ 13 ሲካፈል 1.08 ገደማ ነው፤ ይህ ከግማሽ ድምፅ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በሰልፍ ሜዳ ላይ፣ በሃምሳ ሜትር ርቀት ሁለቱን የሚለይ ጆሮ የለም። ከትልቁ እስከ ባለ 10 ኢንቹ ያለው ርቀት እንኳን 1.4 ብቻ ነው፤ ግማሽ ኦክታቭ እንደማለት። መቺው ግራ ቀኝ እየተወራጨ አራት ከበሮ ይመታል፣ አድማጩ አንድ ከበሮ ይሰማል።

ስለዚህ ልዩነቱ ቆዳውን የሚወጥሩትን ብሎኖች በሚያዞር ቁልፍ ይፈጠራል። እዚህ ላይ ሌላ ሕግ አለ፦ ድምፅን በእጥፍ ለማሳደግ ውጥረቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ባለ 10 ኢንቹን ከባለ 14ቱ አንድ ኦክታቭ ከፍ ለማድረግ ከፈለግን የስፋቱ ልዩነት ግማሹን መንገድ ስለሚሸፍንልን የቀረው በውጥረት ነው፤ ትንሹ ከትልቁ ሁለት እጥፍ ገደማ መወጠር ይኖርበታል። ከመጠን በላይ የረገበ ትልቅ ከበሮ ይለፈልፋል፣ ከመጠን በላይ የተወጠረ ትንሽ ከበሮ ደግሞ ይታነቃል። የቃኚው ችሎታ በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ቦታ ማግኘት ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። አሮጌው ቆዳ ሲነሣ የከበሮው የአፍ ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ቆዳ ስል እውነተኛ ቆዳ ማለቴ አይደለም፤ ከ1957 እ.ኤ.አ. ወዲህ ገበያውን የያዘው የፕላስቲክ ቆዳ ነው፤ ለቴነር የሚመረጠውም ሁለት ድርብ ሆኖ የተሠራው ነው። አዲሱ ይቀመጥና ቀለበቱ ይደረብበታል፤ ብሎኖቹ በሙሉ መጀመሪያ በጣት ብቻ ይጠብቃሉ። ቁልፍ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ስድስት ብሎን ያለው ከሆነ የግድግዳ ሰዓት ፊት ነው ብለው ያስቡት፦ 12፣ ቀጥሎ 6፣ ከዚያ 2 እና 8፣ በመጨረሻ 4 እና 10። በየተራ ሩብ ዙር ወይም ግማሽ ዙር ብቻ። በአንድ በኩል ጀምሮ ዙሪያውን የሚያጠብቅ ሰው ቀለበቱን ያጣምማል፤ የተጣመመ ቀለበት ደግሞ በኋላ በምንም አይቃናም። ቆዳው መያዝ ሲጀምር መሐሉን በመዳፍ ጫን አድርጎ ቦታውን ማስያዝ ጥሩ ነው። አዲስ ቆዳ ትንሽ ስንጥቅጥቅ የሚል ድምፅ ቢያሰማ አያስደንግጥ።

ጆሮ የሚሠራበት ክፍል ቀጥሎ ይመጣል። የግራ እጅ አንድ ጣት በቆዳው መሐል በቀስታ ይረፍ፤ በቀኝ እጅ በያዙት ዱላ ከእያንዳንዱ ብሎን ሁለት ጣት ያህል ገባ ብሎ ቀስ አድርጎ መምታት። ቲን፣ ቲን፣ ቴን። ያ «ቴን» ያለው ብሎን ላልቷል ማለት ነው። እሱ ጥቂት ይጠብቃል፤ ተቃራኒው ስለሚነካ እሱም ይደመጣል። ሁሉም አንድ እስኪሉ ድረስ ይዞራል። ድምፁ ካለፈ ወደ ታች እያላሉ እዚያው ማቆም አይበጅም፤ ከሚፈለገው በታች አውርዶ እንደገና ወደ ላይ መምጣት ነው፤ ብሎኑ የሚጸናው እየጠበቀ ሲቆም ነው። ክራር የቃኘ ሰው ይህን ያውቀዋል።

በስልክ መቃኛ ለመሥራት የሚሞክሩ አሉ። አልከለክልም፤ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። የክር ድምፅ ተከታዮቹ በ2፣ በ3፣ በ4 እጥፍ የሚሄዱ ናቸው። የክብ ቆዳ ተከታዮች ግን 1.59፣ 2.14፣ 2.30 እያሉ ይወላገዳሉ፤ ስልኩ የትኛውን እንደሚይዝ ራሱም አያውቅም። የሚፈለገውን ድምፅ በአፍ አንጎራጉሮ ከበሮውን ከራስ ጋር ማስተያየት ይሻላል።

በምን ይቃኝ ለሚለው የራሴ አስተያየት አለኝ። ከትልቁ ተነሥቶ፣ እሱ ሳይለፈልፍ የሚናገርበትን ዝቅተኛ ቦታ አግኝቶ፣ ያን «ዶ» ማለት። አምስቱን የትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ በአምስት ከበሮ መደርደር ለመስማት የሚያጓጓ ሐሳብ ነው፤ ግን ዶና ሬ፣ ሶልና ላ በሜዳ ላይ ይቀላቀላሉ። ከዚያው ቅኝት ውስጥ ዶ፣ ሚ፣ ሶልን መርጦ አራተኛውን ላይኛው ዶ ላይ ማሳረፍ ይበልጥ ይሰማል። የአምቦ አድማጭ ምክንያቱን ባያውቅም ነገሩን ያውቀዋል። ትንንሾቹ ካሉ የቻሉትን ያህል ከፍ ይበሉ፤ እነሱ ቅመም ናቸው።

ስለ ፀሐይ አንድ ነገር። ከማኅሌት ከበሮ የመጣ ልማድ ይዞን ቅኝት ድቤን ፀሐይ ላይ ብናሰጣ የምናገኘው ተቃራኒውን ነው። የከብት ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ድምፁም ይወጣል። ፕላስቲኩ ግን እርጥበት አይጠጣም፤ ሲግል ለስለስ ይላል፣ ድምፁም ጥቂት ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት በቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ የተቃኘው ለቀትር ሰልፍ አይሆንም። ከበሮዎቹን ወደሚመቱበት ቦታ አውጥቶ፣ ጥቂት አቆይቶ፣ እዚያው መቃኘት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የምዕራብ ሸዋ ዝናብ ግን ፕላስቲኩ ባለውለታ ነው።

በደንብ የተቃኘም ድቤ በተሳሳተ ቦታ ከተመታ ዋጋ የለውም። መሐሉ ላይ ሲመታ ድምፁ ደፍ ብሎ ወዲያው ይሞታል፤ ወደ ጠርዙ ቀረብ ብሎ ሲመታ የተቃኘው ድምፅ ይጮኻል። ጀማሪ ሁልጊዜ መሐሉን ይመታል። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የተባለው ለካ ለዚህም ይሠራል።

በአምቦም ሆነ በአካባቢዋ ከተሞች ማርሽ ባንድ ለማቋቋም የምታስቡ ትምህርት ቤቶችና የወጣት ማኅበራት አንድ ነገር ልለምናችሁ። የእነዚህ ከበሮዎች ቁልፍ አፏ ሩብ ኢንች የሆነ አራት ማዕዘን ነው፤ ትንሽና ርካሽ ናት፣ በቀላሉም ትጠፋለች። በጀት ስትይዙ ባለ ወርቅ አዝራሩን ዩኒፎርም ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ቁልፍና ለእያንዳንዱ መጠን አንድ አንድ ትርፍ ቆዳ ግዙ።