አዛዥ ራጉኤልና የተቀዳ ድምፅ

በአዲስ አበባ ራጉኤል ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው በመርካቶ ያለውን የመልአኩን ቤተ ክርስቲያን ነው። የዜማ ተማሪ ግን አዛዥ ራጉኤልንም ያስባል። እርሱና አዛዥ ጌራ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1533-1551 ዓ.ም.) የድጓን ምልክት እንደ ሠሩ ሊቃውንት ይተርካሉ። ድጓ እጅግ ረዥም ሲሆን አንባቢው አይጠፋበትም፤ ዮሐንስ፣ አስተምሕሮ፣ ፋሲካ ተብሎ ተከፍሏልና። የበዓሉ ርእስ በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ግዕዝ፣ ዕዝል ወይም አራራይ መሆኑም ይለያል።

በ1955 ዓ.ም. በበርሊን ለሕዝብ የታየው ካሴት ግን ይህ ሁሉ አልነበረውም። ወደ አገራችን ከገባ በኋላ የተቀዳው ማኅሌት በአንድ ፊት 30 ወይም 45 ደቂቃ ያለ ድንበር ይፈስ ነበር። ዛሬ ያን ክር ወደ ኮምፒዩተር የሚያገለብጥ ሰው ድምፁን በየክፍሉ ሊቆርጥ ይወዳል፤ መሣሪያውም ጸጥታ ባገኘበት ይቆርጥለታል። ለዘፈን ይህ ይበቃ ይሆናል። በማኅሌት ግን መሪው ትንፋሹን ሲመልስ ዜማው አላለቀም፤ አንዱ ዜማ አልቆ ሌላው ሲነሣም ብዙ ጊዜ ፋታ የለም። ስለዚህ መሣሪያው አንዱን ለሁለት ይሰነጥቃል፤ ሁለቱንም አንድ ያደርጋል።

ከመቁረጡ ይልቅ ስሙ ይከብዳል። «ክፍል 1፣ ክፍል 2» ተብሎ የተቀመጠውን ድምፅ፣ የጥምቀትን ወረብ የሚፈልግ ደቀ መዝሙር እስኪያገኘው ድረስ ሁሉን መስማት ግድ ይሆንበታል፤ ድምፁን የሚለዩት መምህራን ካረፉ በኋላም የመሪውን ማንነት የሚናገር አይኖርም። እንግዲህ በዓሉ፣ ስልቱ፣ የዜማው መነሻ ቃል፣ የመሪውና የደብሩ ስም በየክፍሉ ይጻፍ፤ ያልተቆረጠውም ቅጂ ከጎኑ ይቀመጥ።