የሰው ወርቅ አያደምቅ

ሰሞኑን ከፈተና አዳራሽ ወጥተን ሻይ ቤት ስንሰበሰብ ወሬያችን ምን ነበር? ማን ከማን ኮረጀ፣ የማን አጤሬራ ሳይያዝ አለፈ፣ የትኛው ፈታኝ ያንቀላፋል የሚል ነበር። ስቀን ተለያየን። ኋላ ግን ነገሩ ከነከነን። ለመሆኑ አባቶቻችን በተማሩበት ቤት ኩረጃ ምን ቦታ ነበረው? እኛስ እዚህ እንዴት ደረስን?

ከቅኔ ቤት እንነሣ። ዋድላም ይሁን ዋሸራ ወይም ጎንጅ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሹን ለምኖ የሚማረው ተማሪ በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይዘልቃል። ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ብቻውን ተቀምጦ ሲቆጥር ይውላል፤ ከዚያም መምህሩ ወይም አስነጋሪው ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። ሰሙ ይፈተናል፣ ወርቁ ይፈተናል፣ የተሰበረው ይታረማል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ቅኔ አዲስ መሆን አለበት። ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። የሌላውን የራስ አስመስሎ ማቅረብማ ጉድ ነው፤ ጓደኛ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ይሰማላ! ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ቅኔ ሲያስተምሩ ተማሪውን የሚመዝኑት በጆሯቸው ነበር። ኪስ መዳበስ፣ ወረቀት መፈተሽ የሚባል ነገር አልነበረም።

የሚገርመው፣ በቅኔ ቤት ቋንቋ ቅኔ ማፍለቅ «ዘረፋ» ይባላል። ቃሉ አንድ ነው፣ ሥራው ግን ሌላ። የእነሱ ዘራፊ የገዛ አእምሮውን ይዘርፋል፤ የእኛ ዘራፊ የጎረቤቱን ወረቀት።

ይህን ስንል ያለፈውን ሁሉ ለማወደስ አይደለም። አለንጋው ነበረ፤ ትርጉሙን ሳያውቁ በቃል መሸምደዱም ነበረ፤ ለሴት ልጅ በሩ ጠባብ ስለነበረ እንደ እማሆይ ገላነሽ ያሉት ብርቅ ናቸው። ቢሆንም ቅኔ ቤት አንድ ነገር አውቆበታል፤ ሥራው ራሱ ሐቀኝነትን እንዲጠይቅ አድርጓል።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር ሌላ ዓይነት ትምህርት ተተከለ። ብዙ በር ከፈተልን፤ አንክደውም። ነገር ግን ጥያቄው ለሁሉም አንድ፣ መልሱም ለሁሉም አንድ ሆነ፤ እያደርም መልሱ አንዲት ፊደል ሆና ቀረች። ፊደል ደግሞ በጣት ምልክት ይተላለፋል። በዚያ ላይ ወረቀቱ እንጀራ ሆነ። የአንድ ልጅ ነጥብ የቤተሰብ ሁሉ ተስፋ ሲሆን፣ እናትም አባትም «እንዴት አመጣኸው?» ብለው አይጠይቁም፤ «ስንት አመጣህ?» ነው የሚሉት።

ፍሬውን አይተነዋል። በ2008 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና አስቀድሞ ሾልኮ በማኅበራዊ መገናኛ ስለተበተነ ተሠርዞ በሌላ ተተካ። በ2009 ዓ.ም. በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከየቀያቸው ተነሥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ እየገቡ ተፈተኑ። በጥር ውጤቱ ሲነገር፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ሆነ። ያ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ነበር አንልም፤ ጦርነቱ፣ ወረርሽኙ፣ የመጽሐፍ እጦቱ አለ። ግን ከዚያ በፊት ከፍ ብሎ ይታይ የነበረው ነጥብ ስንቱ የራስ፣ ስንቱ የጎረቤት ነበር? ይህን አለመጠየቅ አይቻልም።

ታዲያ እኛስ? «ሥርዓቱ ነው» ብለን መገላገል እንወዳለን። ያስኮረጀው «ወንድሜ ነው፣ ምን ላድርግ?» ይላል፤ እምቢ ያለው «ንፉግ» ይባላል። ይሉኝታችን ለሌብነት ካባ ሆነለት። የመመረቂያ ጽሑፉን በገንዘብ የሚያስጽፍ አለ፤ ዛሬ ደግሞ ስልኩን ጠይቆ ያልደከመበትን ድርሰት የሚያወጣ አለ። ነገ በሽተኛ ፊት ስንቆም፣ ድልድይ ስንሠራ፣ በዳኝነት ወንበር ስንቀመጥ ግን ከጎናችን የሚያስኮርጅ አይኖርም። ዕዳውን የሚከፍለው ያ ልጁን ያስተማረ ደሃ ነው።

ፍተሻውን አንቃወምም፤ ፍተሻ ብቻውን ግን ሰው አያደርግም። መምህሮቻችን የጻፍነውን በቃል አስረዱ ይበሉን፤ ጓደኞቻችን ባሉበት ያፋጥጡን። እኛም አብረን እናጥና፣ ለየብቻ እንጻፍ። ለዚህች መጽሔት ጽሑፍ የምትልኩም ጓደኞቻችን፣ ቤት ባይመታም፣ ቢንገዳገድም፣ የራሳችሁን ላኩ። እናርመዋለን። የሰው ወርቅ እንደማያደምቅ አያቶቻችን ነግረውናል፤ ቅኔ ቤት ደግሞ ሠርቶ አሳይቶናል።