የፈተና ክሬዲት፦ ክፍል ሳይገቡ ኮርስ ማለፍ

በአሜሪካ ኮሌጆች ብዙ ወገኖቻችን ያልሰሙት አሠራር አለ። ተማሪው ክፍል ሳይገባ ፈተናውን ብቻ ተፈትኖ ካለፈ ኮርሱን እንደተማረ ይቆጠርለታል፤ ኮርሱ ባለ 3 ክሬዲት ከሆነ 3ቱ ክሬዲት ይያዝለታል። በእንግሊዝኛ «ክሬዲት ባይ ኤግዛሚኔሽን» ይባላል። እዚህ «የፈተና ክሬዲት» ብዬዋለሁ። «ክሬዲት» የሚለውን ቃል ዩኒቨርሲቲ የረገጠ ሁሉ ስለሚያውቀው እንዳለ ትቼዋለሁ። በዋሽንግተንና በአካባቢው ያለ አበሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው በዋናው ፈተና ስም ነው፦ «ክሌፕ ወሰድኩ»፣ «ሂሳቡን በክሌፕ ገላገልኩት» ይላል።

ቃሉን ለማስተዋወቅ የተነሳሁት በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላሉ ሰዎች ብዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ዲቪ ደርሷቸው ትምህርታቸውን ጥለው የሄዱ፣ ከዚያ በኋላ ፓርኪንግ የሠሩ፣ ታክሲ የነዱ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊቱን ሲያስታምሙ ያነጉ ሰዎች አሉ። ዛሬ ልጆቻቸውን ኮሌጅ አስገብተው «የእኔስ አልፏል» ይላሉ። አላለፈም። እነዚህን ሰዎች የያዛቸው የአእምሮ ድካም ሳይሆን የሰዓት ጉዳይ ነው። በሳምንት ሁለት ማታ፣ ለ15 ሳምንት ክፍል ተገኙ የሚል ኮርስ ሺፍቱ ለሚቀያየርበት ሰው አይሆንም። ይህ ፈተና የሚጠይቀው ግን 90 ደቂቃ ያህል ነው፤ እሱም ተፈታኙ ራሱ በመረጠው ቀን። ጥናቱ ደግሞ መኪና ውስጥ ተሳፋሪ እስኪጠራ፣ በምሳ እረፍት ወይም ልጆች ከተኙ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ሐሳቡ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የድጓ ተማሪ በየደብሩ እየዞረ ከተለያዩ መምህራን እግር ሥር ሊማር ይችላል፤ መምህር ለመባል ሲደርስ ግን ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። የት እንደተማረ ሳይሆን ምን እንደያዘ ተመዝኖ ይመሰከርለታል። በዘመናችንም ሲኦሲ የምንለው የሙያ ብቃት ምዘና አለ፤ መካኒክነትን ጋራዥ ውስጥ እየሠራ የለመደ ሰው ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ ሊይዝበት ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ግን ከዚህ የተለየ ነው። እሱ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ የሚጨመር ሌላ በር ሲሆን የፈተና ክሬዲት ደግሞ የክፍሉን ትምህርት ራሱን ይተካል። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

አሠራሩ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በ1858 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው ናቸው) ግቢውን ላልረገጠ ሰው ጭምር የዲግሪ ፈተናውን ከፍቷል። በአሜሪካ ነገሩን የገፋው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ከግንባር የተመለሱት ወታደሮች ሠራዊቱ ውስጥ የተማሩትን ኮሌጆች እንዴት ይቁጠሩላቸው የሚለው ጥያቄ ሲነሳ፣ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ይህን ዕውቀት መዝኖ ለኮሌጆች ምክረ ሐሳብ የሚሰጥበትን ሥርዓት ዘረጋ። ፈተና የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት ክሌፕን የጀመረው በ1967 ነው። ብዙም ሳይቆይ ለጎልማሶች ታስበው የተቋቋሙ ኮሌጆች መጡ፦ ዛሬ ኤክሴልሲየር ዩኒቨርሲቲ የሚባለው በኒው ዮርክ በ1971፣ ቶማስ ኤዲሰን በኒው ጀርዚ በ1972፣ ቻርተር ኦክ በኮነቲከት በ1973።

ልጆቻቸው አሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ወላጆች «ኤፒ» የሚባለውን ፈተና ያውቁታል። ልጁ ገና ሃይስኩል እያለ የኮሌጅ ክሬዲት የሚያገኝበት ነው። ክሌፕ የዚያው የኮሌጅ ቦርድ ፈተና ሲሆን ልዩነቱ ኤፒ በዓመት አንዴ በግንቦት አካባቢ የሚሰጥ መሆኑ ነው፤ ክሌፕ ዓመቱን ሙሉ አለ፣ ዕድሜም አይጠይቅም። እናትየዋ ለልጇ ኤፒ ስትሯሯጥ ለራሷ ክሌፕ እንዳለላት አለማወቋ ያሳዝነኛል።

ክሌፕ 34 ፈተናዎች አሉት፤ ሂሳብ፣ ታሪክ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሥነ ልቦና፣ ባዮሎጂ፣ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ሥነ ጽሑፍ እና ሌሎችም። አብዛኞቹ በኮምፒውተር የሚሠሩ የምርጫ ጥያቄዎች ናቸው። ኮሌጅ አልጀብራ በ90 ደቂቃ 60 ጥያቄ ነው፤ ካልኩሌተሩ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። «የአሜሪካ መንግሥት» የሚባለው ፈተና በዚያው ሰዓት 100 ጥያቄ ነው። ለተሳሳተ መልስ ማርክ አይቀነስም፤ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም። ተፈታኙ መታወቂያውንና የመመዝገቢያ ወረቀቱን ይዞ ብዙ ጊዜ ኮሌጅ ውስጥ ወዳለ የፈተና ጣቢያ ይሄዳል፣ ስልኩን አስቀምጦ ይገባል። በካሜራ እየታየ ከቤት መፈተንም ይቻላል። ጨርሶ እንዳስረከበ ውጤቱ እዚያው ስክሪኑ ላይ ይወጣለታል፤ ድርሰት ያለባቸው ብቻ ቆይተው ይደርሳሉ። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ነው። ያላለፈ ሰው 3 ወር ጠብቆ ያንኑ ፈተና ይደግማል፤ በጂፒኤው ላይ የሚያርፍ ኤፍ የለም።

ስንት ቢያመጣ ነው ያለፈ የሚባለው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ጉዳዩ በሦስት አካላት እጅ ያለ ነውና። ኮሌጅ ቦርድ ይፈትናል፣ ክሬዲት ግን አይሰጥም። የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ይመክራል፤ ለአብዛኞቹ ፈተናዎች 50 ያመጣ ክሬዲት ይሰጠው ይላል። የሚወስነው የተማሪው ኮሌጅ ነው። ክሌፕን የሚቀበሉ ኮሌጆች ከ2,900 በላይ ናቸው፤ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይቀበሉም። አንዱ በ50 ሲቀበል ሌላው ከፍ ያለ ውጤት ይጠይቃል። አንዱ ሥነ ልቦናን ይቀበልና አልጀብራን አይቀበልም። አንዳንዱ ደግሞ ክሬዲቱን ይሰጥና «ምርጫ ኮርስ» ላይ ይጥለዋል፤ ያን ጊዜ ተማሪው 3 ክሬዲት አገኘ፣ ሜጀሩ ግን አንድ እርምጃ አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ ኮሌጁ ሳይታወቅ ለፈተና መመዝገብ ገንዘብንም ጉልበትንም ማባከን ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብርቱ ሰዎች በዚህ ምክንያት ተስፋ ሲቆርጡ ስላየሁ ነው። ደክመው አጥንተው ያለፉትን ፈተና ኮሌጁ አልቀበልም ሲላቸው፣ ችግሩ የቅደም ተከተል መሆኑን የነገራቸው ሳይኖር «ትምህርት ለእኔ አልተፈጠረም» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ገንዘቡን እንየው። የአንድ ክሌፕ ክፍያ ወደ 100 ዶላር ይጠጋል፤ የፈተና ጣቢያው በበኩሉ የራሱን አገልግሎት ክፍያ ይጨምራል። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ትምህርት በአማካይ ወደ 4,000 ዶላር ነው፤ ለአንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ሲካፈል ወደ 400 ይመጣል። አራት ዓመት በሚያስተምር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለግዛቱ ነዋሪ እንኳ ከ1,000 ዶላር ያልፋል። ለባችለር ዲግሪ 120 ክሬዲት ነው የሚፈለገው። ከዚህ ውስጥ 30ው በፈተና ቢሸፈን የተቆጠበው ገንዘብም የተረፈው ዓመትም ቀላል አይደለም። ሞደርን ስቴትስ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ ለክሌፕ ፈተናዎች የሚያዘጋጁ ትምህርቶችን በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል፤ ትምህርቱን ለጨረሰ ሰው የፈተናውን ክፍያ የሚሸፍን ቫውቸር ይሰጠዋል። ሠራዊት ውስጥ ያለ ሰው ፈተናው በመንግሥት ይከፈልለታል።

በሕይወት የተገኘ ዕውቀት ብቻውን ይበቃል ወይ? አይበቃም፤ ግን ጥሩ መነሻ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ለመውሰድ የተፈተነ ሰው ስለ ኮንግረስ፣ ስለ ሦስቱ የመንግሥት ክንፎች፣ ስለ ሕገ መንግሥቱ ማሻሻያዎች ያውቃል። የክሌፕ የአሜሪካ መንግሥት ፈተና ከዚያ ይቀጥላል፦ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1803 የማርበሪና የማዲሰን ፍርድ ለፍርድ ቤቶች ምን ሥልጣን እንደሰጠ፣ ፌዴራል መንግሥቱና ግዛቶቹ ሥልጣን እንዴት እንደሚከፋፈሉ ይጠይቃል። ማክሮኢኮኖሚክስም እንደዚያው ነው። የቤት ብድር የከፈለ፣ ወለድ ሲወጣና ሲወርድ በኪሱ የተሰማው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጥያቄው ግን «ፌዴራል ሪዘርቭ ከገበያ የመንግሥት ቦንድ ቢገዛ ወለድና ምርት ወዴት ይሄዳሉ?» ብሎ ይመጣል። ቦንዱ ሲገዛ ገንዘብ ወደ ባንኮች ይገባል፣ ወለድ ይወርዳል፣ ብድር ይቀላል፣ ምርት ከፍ ይላል። ይህን ሰንሰለት ቋንቋውን ይዞ መከተል የሁለትና የሦስት ወር ጥናት ይፈልጋል። ለእኛ ሰው ከባዱ የእንግሊዝኛ ድርሰቱ ነው፤ ኮሌጅ ኮምፖዚሽን የሚባለው ከምርጫ ጥያቄዎቹ ሌላ በ70 ደቂቃ ሁለት ድርሰት ያስጽፋል። ይህን ኮርስ በፈተና ከመዝለል ክፍል ገብቶ መማር ይሻላል ባይ ነኝ። ኮሌጅ ውስጥ ቀሪው ትምህርት ሁሉ በጽሑፍ ስለሚለካ፣ አስተማሪ እያረመው የተማረ ሰው ኋላ ይጠቀምበታል።

ገደቦቹም መታወቅ አለባቸው። አብዛኛው ኮሌጅ የዲግሪውን የተወሰነ ክፍል፣ ብዙ ጊዜ 30 ክሬዲት ያህል፣ እዚያው እንድትማሩ ያስገድዳል። ክሌፕ በዋናነት የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ኮርሶችን ነው የሚተካው። ነርሲንግ የሚያስቡ፣ በአበሻ መካከል ብዙ ናቸው፣ አናቶሚና ቤተ ሙከራ ያለባቸው ሳይንሶች በዚህ መንገድ እንደማያልቁ ይወቁ፤ የነርሲንግ ክፍሎች ለጠቅላላ ትምህርቶቹም የራሳቸው ደንብ አላቸው። ፋይናንሻል ኤይድ የሚወስዱም ይጠንቀቁ። የመንግሥት እርዳታው የሚሰላው በተመዘገቡበት ኮርስ ስለሆነ፣ በፈተና የሚገኝ ክሬዲት ለሙሉ ጊዜ ተማሪነት አይቆጠርም። ከላይ የጠቀስኳቸው ሦስቱ የጎልማሶች ኮሌጆች ከሌሎቹ ይልቅ በራቸው ሰፊ ነው፤ ከፈተናና ከሌላ ኮሌጅ የመጣ ክሬዲት በብዛት ይቀበላሉ፣ እዚያው የሚወሰዱ ጥቂት ኮርሶች ግን አሏቸው።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። ክሌፕ የውጭ ቋንቋ ፈተና ያለው በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በስፓንኛ ብቻ ነው። ኤሲቲኤፍኤል የሚባለው የቋንቋ መምህራን ማኅበር የሚታወቅበት የቃል ፈተና ግን በአማርኛም ይሰጣል። ፈታኙ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከተፈታኙ ጋር ጥቂት ይነጋገርና ከዕለት ኑሮ ተነስቶ ሐሳብን እስከማስረዳትና እስከመሟገት ያደርሰዋል። ዲግሪው የውጭ ቋንቋ የሚጠይቅ ከሆነ ኮሌጁ በዚህ ውጤት ክሬዲት ይሰጥ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ሥራ ፈተና መመዝገብ አይደለም። ከአገር ቤት የተማረው ትምህርት ካለ ትራንስክሪፕቱን ከዩኒቨርሲቲው አስልኮ፣ ደብሊውኢኤስን በመሰለ ገምጋሚ ተቋም ማስገምገም ይቅደም። አዲስ አበባ የተማረው ኢኮኖሚክስ ከተቆጠረለት ያንኑ በክሌፕ መፈተን ትርፍ የለውም፤ ሁለት ጊዜ አይያዝለትምና። ቀጥሎ ሊገባበት ላሰበው ኮሌጅ ሬጅስትራር ወይም አድቫይዘር በኢሜይል መጻፍ ነው፤ በቃል የተነገረ ነገር ሰውየው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ጥያቄዎቹም እነዚህ ናቸው፦ ከክሌፕ ፈተናዎች የትኞቹን ትቀበላላችሁ? በስንት ውጤት? እያንዳንዱ የእናንተን የትኛውን ኮርስ ይተካል? በእኔ ሜጀር ውስጥ ነው ወይስ ምርጫ ኮርስ ላይ የሚውለው? በድምሩ ስንት የፈተና ክሬዲት ትይዛላችሁ? መልሱ ሲመጣ ከዝርዝሩ ውስጥ ለራሱ የቀለለውን አንዱን ብቻ ይምረጥ፤ ሂሳብ የሚወድ አልጀብራን፣ ዜና የሚከታተል የአሜሪካ መንግሥትን። ቀኑን ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ይቁረጥ፤ ሲመዘገብም ውጤቱ በነፃ እንዲላክለት የዚያን ኮሌጅ ስም ይሙላ።