ሌሊት ርካሽ፣ ማታ ውድ፦ የመብራት ዋጋና የኤሌክትሪክ መኪና

ዛሬ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ፡፡ የኤሌክትሪክ መኪና የትናንት ፈጠራ የሚመስለን ብዙ ነን፡፡ ግን እ.ኤ.አ. በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት 4,192 መኪኖች 1,575ቱ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ነበሩ፤ የቤንዚኖቹ 936 ብቻ! ታዲያ እነዚያ መኪኖች መቼ ቻርጅ ይደረጉ ነበር? የታሪኩ ቁልፍ ይቺ «መቼ» የምትለዋ ቃል ናት፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ መብራት እንደ ጤፍ ጎተራ ውስጥ በቀላሉ አይከማችም፤ በተፈለገበት ደቂቃ መመንጨት አለበት፡፡ ስለዚህ ጣቢያው የሚሠራው ከተማው ሁሉ አምፖል በሚያበራበት በዚያ የምሽት ሰዓት ልክ ነው፡፡ ሌሊት ማሽኑ ሥራ ይፈታል፤ የተገዛበት ብድር ወለድ ግን አይተኛም፡፡ ይህን እንግሊዛዊው ኢንጂነር ጆን ሆፕኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1892 በደንብ አስረዳ፡፡ የቺካጎው የመብራት ኩባንያ አለቃ ሳሙኤል ኢንሱል ደግሞ በ1894 ብራይተን ከተማ ሄዶ የደንበኛውን ከፍተኛ ፍጆታ የሚመዘግብ ቆጣሪ አየና ሐሳቡን ወደ አሜሪካ ይዞት ተመለሰ፡፡ ማታ ጋራዥ ገብቶ ሌሊቱን የሚሞላ መኪና ለእንዲህ ዓይነት ኩባንያ ሲሳይ ነበር፡፡

ሲሳዩ ግን አልሰነበተም፡፡ በ1912 ካዲላክ ያለ ማኑዌላ በሞተሪኖ የሚነሳ የቤንዚን መኪና አወጣ፤ ቤንዚንም ረከሰ፤ ኤሌክትሪኩ ከገበያ ወጣ፡፡

የሌሊቱ ዋጋ ግን አልሞተም፡፡ እንግሊዝ በ1978 «ኢኮኖሚ ሰቨን» የተባለ ታሪፍ ጀመረች፤ ሌሊት ለ7 ሰዓት መብራት ይረክሳል፡፡ ሰዉም በርካሹ ሰዓት ቤት ማሞቂያውን አግሎ ቀኑን ይሞቀዋል፡፡

የኤሌክትሪክ መኪና ሲመለስ ታዲያ አዲስ ጣጣ መጣ፡፡ ርካሹ ሰዓት ልክ ሲገባ መኪናው ሁሉ በአንድ ቅጽበት ቻርጅ ከጀመረ፣ ከምሽቱ የሸሸነው ጭነት እኩለ ሌሊት ላይ ይጠብቀናል ማለት ነው! ለዚህ ነው እንግሊዝ ከሰኔ 2022 ጀምሮ የሚሸጡ የቤት ቻርጀሮች በሥራ ቀናት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 እስከ 5 እና ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት እንዳይሞሉ ተስተካክለው እንዲቀርቡ ያዘዘችው፡፡ ባለቤቱ ከፈለገ ይቀይረዋል፡፡ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ቻርጀር እስከ 10 ደቂቃ በዘፈቀደ ዘግይቶ ይነሳል፤ ሁሉም በአንድ በር እንዳይጋፋ፡፡

ይሄ እኛን ምን አገባን? በጣም እንጂ! ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክላለች፡፡ አንድ የተለመደ 7 ኪሎዋት የቤት ቻርጀር ወደ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ያህል ይስባል፡፡ ጎረቤቱ ሁሉ ከሥራ ሲገባ መኪናውን ቢሰካ፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ምን ይውጠዋል? በመስከረም 2025 የተመረቀው 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ኃይል ይጨምርልናል፤ የሰፈሩን ትራንስፎርመር ግን አያሰፋውም፡፡

እኛ የምንለው ይህ ነው፤ ለመኪና ሌሊቱ ይርከስ፤ ቻርጀሮቹም በየተራ ይነሱ፡፡ ነገር ግን የምሽቱ ዋጋ ሲጨምር ዱላው ከሥራ ገብታ እንጀራ የምትጋግር እናት ላይ እንዳያርፍ፡፡ መኪና እስከ ሌሊት መጠበቅ ይችላል፤ ኩፍ ያለ ሊጥ ግን አይጠብቅም፡፡ እናንተስ ምን ትላላችሁ?