ቀይዋ ካርታ እና የቡሬ ምሽግ

ሦስት ካርታ የሚያጫውት ቁማርተኛ የሚበላን በእጁ ፍጥነት ነው ይባላል። እኔም እንዲያ አምን ነበር። አጎቴ የበርበሬ ብሩን የተበላ ዕለት የተናገራት አንዲት ቃል ግን እምነቴን አናጋችው፤ የቃሏን ትርጉም ለማግኘት ደግሞ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ነገሩ የሆነው ፍኖተ ሰላም፣ መናኸሪያው አጠገብ ነው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ቀኑ የገበያ ቀን ነው። በተደፋ ሣጥን ላይ ካርቶን ተነጥፏል። ካርቶኑ ላይ ሦስት ካርታ አለ፤ ሁለቱ ጥቁር፣ አንዷ ቀይ፤ ሦስቱም ከወገባቸው ጎበጥ ብለዋል። «ቀይዋን ያየ! ቀይዋን ያየ!» ይላል አጫዋቹ። ኮት የለበሰ አንድ ጎልማሳ ብር አስያዘ፤ ቀይዋን አነሳ፤ እጥፉን ቆጥሮ ኪሱ ከተተ። ትንሽ ቆይቶ አጫዋቹ ሰው የጠራው ይመስል ወደ ኋላው ዞር ሲል፣ ባለ ኮቱ ጎንበስ ብሎ የቀይዋን ጥግ በጥፍሩ አጠፍ አደረጋት። ከዚያ ወደ አጎቴ ጆሮ ተጠግቶ «ጋሼ፣ ምልክት አድርጌባታለሁ። እኔን ከእንግዲህ አያጫውተኝም፤ እርስዎ ያስይዙና እንካፈላለን» አለው።

አጎቴ አስያዘ። ጥጓ የታጠፈችው ካርታ ስትገለበጥ ጥቁር ሆና ተገኘች።

ላህን ተሻግረን እስክንርቅ ድረስ ትንፍሽ አላለም። ከዚያ መንገዱ ላይ ቆም አለና «ዓይኔ አልሳተም» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

እውነቱን ነበር። ይህን ያረጋገጥሁት ራሴ ካርታ ይዤ መለማመድ ስጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ቺካጎ ውስጥ የታተመ፣ ኤስ. ደብሊው. ኧርድኔዝ በሚል የብዕር ስም የተጻፈ የካርታ ጥበብ መጽሐፍ አለ፤ ጸሐፊው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልታወቀም። የሦስቱ ካርታ አጣጣል እዚያ ተጽፏል። በዓለም ላይ ሁሉ አጣጣሉ ያው ነው፤ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ያየሁትም ያው ነው።

ቀኝ እጅ ሁለት ካርታ ይይዛል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። የላይኛውን አውራ ጣትና የመሐል ጣት፣ የታችኛውን አውራ ጣትና የቀለበት ጣት ጫፍና ጫፉን ይዘው ያንጠለጥሉታል። ካርታዎቹ የጎበጡትም ጣት እንዲይዛቸው ነው። ቀይዋ ከታች ናት፤ ሰው ሁሉ እንዲያያት እጅ ቀና ይላል። እጁ ወደ ካርቶኑ ሲወርድ የታችኛዋ ትወድቃለች ብሎ የማይጠብቅ የለም፤ ከታች ያለ ነገር ቀድሞ ይወድቃላ! የሚወድቀው ግን የላይኛው ነው። የመሐል ጣት ለቀቅ ያደርገውና እጁ ገና ሳይቆም ያው ጣት ወርዶ ቀይዋን ይደግፋታል። ቀይዋ እጅ ውስጥ ቀረች። ተመልካቹ ግን በሐሳቡ ካርቶኑ ላይ አስቀምጧታል።

መጀመሪያ ስለማመድ ሁለቱም አንድ ላይ ይዘረገፉብኝ ነበር። በፈጠንሁ ቁጥር ይብሳል። እጅ የተቻኮለ እንደሆነ ተመልካቹ ይነቃል፤ «አሁን አንድ ነገር አደረገ» ይላል። ዘና ብሎ፣ እንደ ሰነፍ እጅ ሲጥሉት ነው የሚያምረው። ጥጓስ? አጫዋቹ ካርታዎቹን ሲሰበስብ በትንሿ ጣቱ የቀይዋን ጥግ ያቃናል፤ የአንዱን ጥቁር ጥግ ያጥፋል። አጎቴ ያየው እጥፋት የእውነት እጥፋት ነው። ባለ ኮቱም የአጫዋቹ ባልደረባ ነው። ዓይኑ አልሳተም፤ የሳተው ዓይኑ ካመጣለት ነገር ተነሥቶ የሰጠው ፍርድ ነው።

ይህን ከተማርሁ በኋላ ነው ያደግሁበትን አገር የ1933 ዓ.ም. ታሪክ እንደገና ያነበብሁት። ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ይገኛል። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ቡሬ ምሽጎች ውስጥ ኮሎኔል ናታሌ የሚያዝዘው፣ ከ5,000 የሚበልጥ የኢጣሊያ ጦር ሰፍሮ ነበር፤ መድፍ አለው፣ ብረት ለበስ መኪና አለው፣ አውሮፕላን ጠርቶ ማምጣት ይችላል። የመጣበት ደግሞ ኦርድ ዊንጌት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት በስሙ የተሰየመለት እንግሊዛዊ። ጠቅላላ ሠራዊቱ 1,700 ያህል ሰው ነው፤ ጥቂት የእንግሊዝ መኮንኖችና የበታች ሹማምንት፣ 800 ገደማ ሱዳናውያን፣ 800 ገደማ ኢትዮጵያውያን። ቡሬ ፊት ለፊት የደረሱት ከዚያም ተቀንሰው ጥቂት መቶዎች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ከኋላ እየመጡ ነው።

ዊንጌት ጦሩን «የጌዴዎን ኃይል» ብሎ ሰይሞታል። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 7ን የሚያውቅ ሰው ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ከስሙ ያነብበዋል። ጌዴዎን 32,000 ሰው ይዞ መጥቶ 300 ብቻ አስቀረ፤ ለ300ው ቀንደ መለከትና ማሰሮ ውስጥ የተሸሸገ ችቦ ሰጣቸው። በሌሊት ማሰሮው ሲሰበር ምድያማውያን በችቦው ልክ ሠራዊት ቆጠሩ።

ቡሬም ላይ እንዲሁ ሆነ። ከየካቲት 20 ጀምሮ የሂዩ ቡስቴድ የሱዳን ሻለቃ በትንሽ በትንሹ እየተከፋፈለ ሌሊት ሌሊት ምሽጎቹን ከየአቅጣጫው ይነካካ ጀመር። ተኩሶ ቦታ ይቀይራል፤ ዛሬ ከዚህ፣ ነገ ከዚያ። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር የሚመራው የፕሮፓጋንዳ ቡድን ደግሞ በራሪ ወረቀትና የድምፅ ማጉያ ይዞ ለኢጣሊያ ያደረውን ወታደር ወደ ንጉሠ ነገሥቱ እንዲገባ ይጠራል። የሚከዳው በዛ። ናታሌ ዓይኑ አልሳተም፤ ተኩሱ የእውነት ተኩስ ነው፣ ከድቶ የሚሄደውም የእውነት ሰው ነው። ከነዚህ ተነሥቶ ግን የሌለ ታላቅ ጦር በሐሳቡ ቆመለት። የካቲት 25 ቡሬን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ መንገድ ጀመረ።

ምትሀትን ለጦርነት የመጠቀም ነገር በቡሬ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1856 የፈረንሳይ መንግሥት ሮበር ኡዳን የተባለውን የመድረክ ምትሀተኛ አልጄሪያ ልኮት ነበር፤ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያዝ ሣጥን ይዞ ሄዶ «ኃይልህን ወሰድሁት» እያለ ጎበዙን ሣጥን ማንሳት አሳጣው። ያ ቅኝ ገዥ ባለአገሩን ለማስፈራራት ያዋለው ጥበብ ነው። ጎጃም ላይ ግን የደነገጠው ቅኝ ገዥው ራሱ ነው፤ እኔ የቡሬን ታሪክ ይበልጥ የምወደው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ቡሬ ከመነካቷ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ካይሮ ውስጥ ደድሊ ክላርክ የተባለ መኮንን የእንግሊዙ ጄኔራል ዌቭል የማታለል ሥራ ኃላፊ ሆኖ ተሹሞ ነበር። የመጀመሪያ ሥራው በእንግሊዝ ሶማሊላንድ ላይ ጥቃት የሚመጣ ለኢጣሊያኖች ማስመሰል ነበር፤ ጦራቸውን ወደዚያ እንዲያዞሩና ኤርትራ እንድትሳሳ። ኢጣሊያኖች አመኑት። ግን ሶማሊላንድን አናጠናክርም ብለው ከዚያ ጦር አንሥተው ወደ ሌላ ግንባር ወሰዱ! ማታለሉ ሠምሮ ውጤቱ ተገለበጠ። ክላርክ ከዚያ ወዲያ ሕይወቱን ሙሉ የያዘው ትምህርት፣ ጠላት ምን ያስባል ብሎ ሳይሆን ምን ያደርጋል ብሎ መነሣት ነው። የመናኸሪያው አጫዋች ይህን ካይሮ ሳይሄድ ያውቀዋል፤ አጎቴ ቢያስብ ባያስብ ግድ የለውም፣ እጁ ኪሱ ገብቶ ብሩን የት እንደሚያስቀምጥ ብቻ ነው የሚጨነቀው።

ቡሬ ላይም ይኸው ጠላት በሚያስበውና በሚያደርገው መካከል ያለ ቀዳዳ ታየ። ናታሌ ፈርቶ ወጣ፤ ሲወጣ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ግን የኮሎኔል ቦይል ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነበር። አብዛኞቹ በስደት ኬንያ ቆይተው የመጡ ልጆች ናቸው። የካቲት 27 ማለዳ፣ ደምበጫ አቅራቢያ የእንግሊዝ መጻሕፍት ቻራካ ብለው በሚጽፉት ወንዝ ዳር፣ ያ ሁሉ ሺህ ጦር ባላሰቡት ሰዓት መጣባቸው። እዚያ ማስመሰል የለም፤ ጥቂቶች መሆናቸው በቀን ብርሃን ይታያል። ለሰዓታት ተዋግተው ብዙ ጠላት ጣሉ፤ ራሳቸውም ሞተውና ቆስለው ሻለቃው ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነም። የዊንጌትን ብልሃት የሚያወሱ መጻሕፍት ይህን ወንዝ በአንድ አንቀጽ ማለፋቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ከዚህም በላይ የምከራከርበት ነገር አለ። ጥቂት መቶ ሰው ሌሊት ቢተኩስ፣ የሠለጠነ መኮንን እንዴት ታላቅ ሠራዊት አድርጎ ያየዋል? ቀይዋን ቀድሞ ያሳየው ስላለ ነው። የጎጃም አርበኛ ለዓመታት የኢጣሊያን ጦር ከምሽግ እንዳይርቅ አድርጎ ይዞታል። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በዚሁ በምዕራቡ አገር ነበሩ፤ ነሐሴ 1932 ጎጃም የገባው እንግሊዛዊ ኮሎኔል ሳንድፎርድ የሁለቱን ቅሬታ ለማስታረቅ ብዙ ደክሟል። ናታሌ ከየተራራው ጀርባ ጠላት እንዳለ ያመነው ተታልሎ ሳይሆን እየተተኮሰበት ኖሮ ነው። የዊንጌት እጅ የጣለው የላይኛውን ካርታ ነው፤ ታችኛዋን ይዞ የቆየው የአገሩ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። ኢጣሊያኖች ጥለውት በሄዱት አንድ ምሽግ ውስጥ ስልክ ሲጮኽ ዊንጌት ጣሊያንኛ የሚናገረውን አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስን ስልኩን አስነሳው፤ እርሱም እንደ ኢጣሊያዊ ሆኖ 10,000 የእንግሊዝ ጦር እየመጣ ነው አለ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ግንቦት 15 አጊባር ላይ ወደ 8,000 የሚጠጋ የኢጣሊያ ጦር እጁን የሰጠው በዛቻ ደብዳቤ ጭምር ነው። ወጀት ትባል የነበረችው ከተማችንም ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘችው ከዚሁ የንጉሠ ነገሥቱ መንገድ ነው ይላሉ ሰዎቿ።

አጎቴ ካረጀ በኋላ አንድ ቀን ቤቱ ሄጄ ሦስቱን ካርታ ምንጣፉ ላይ ጣልሁለት። ሳላታልለው፣ ጣቶቼን እያሳየሁ፣ ቀስ ብዬ። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሦስተኛው ላይ እጄን በእጁ ያዘና የቀለበት ጣቴን ነካ አደረጋት፤ «እዚህ ነበረች?» አለኝ።

«እዚያ ነበረች አጎቴ» አልሁት።

ጥጓ የታጠፈችውን ካርታ አንሥቶ ወደ በሩ ብርሃን አዞራት። ብዙ ጊዜ አያት። ከዚያ እጥፋቷን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላግ ላግ አድርጎ አቃንቶ መለሰልኝ።