ሰፍሮ መልቀቅ፤ ተማሪዎች ከመኝታ ቤት ሲወጡ ስለሚተዉት ዕቃ አጭር የታሪክ ጥናት

የትምህርት ዘመን አልቆ ተማሪዎች ወደየአገራቸው በሚመለሱበት ሳምንት በዩኒቨርስቲዎቻችን መኝታ ቤቶች ጓሮ አንድ ዐይነት ክምር ይታያል። ጆሮው የተሰበረ ባልዲ፣ ገና ውኃ የሚይዝ ጀሪካን፣ ሳፋ፣ አንድ እግሩ የጠፋ ነጠላ ጫማ፣ የስፖንጅ ትራስ፣ ከአራት ዓመት ትምህርት የተረፈ የሃንድአውት ወረቀት፣ በላስቲክ የተቋጠረ አሮጌ ልብስ በአንድነት ተደባልቆ ይገኛል። ከክምሩ ውስጥ የተሰበረ አለ፤ ደኅናውም አለ። ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ግቢው ጭር ሲል፣ ክምሩ ከጽዳት ሠራተኞችና ከክረምቱ ዝናብ ጋር ብቻውን ይቀራል።

ይህን ነገር የወጣት ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኛ ግን ከስንፍና ይልቅ ጥልቅ የሆነ ታሪክ ያለው ልማድ እንደ ሆነ ስለ ገመትን፣ በመጀመሪያ ሰፍሮ የመልቀቅን የቆየ ታሪክ፣ ቀጥሎ በአገራችን የተማሪዎችን አዳሪነት፣ በመጨረሻም የዛሬውን ሁኔታ፣ በተለይ እንደ ሚዛንና ቴፒ ካሉት የደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ከተሞች አንጻር ልንመረምር አስበናል። ነቀፋ ቢገኝበት እኛም ከነቀፋው ነፃ አይደለንም፤ ጀሪካናችንን ከአልጋ ሥር ትተን የወጣን ነንና።

«ሰፈር» የሚለው ቃል ዛሬ የከተማ መንደር ስም ሆኗል። የቀድሞ ትርጉሙ ግን ንጉሥ ወይም ጦር በጉዞ ላይ ሳለ ድንኳኑን ተክሎ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በአዲስ አበባ እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር ያሉ ስሞች የሚያስታውሱን ይህንኑ ነው። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር በዐይኑ አይቶ በመጽሐፉ ገልጾታል። ሰፈሩ የድንኳን ከተማ ነበር፤ ንጉሡ፣ መኳንንቱ፣ ካህናቱ፣ ገበያውም ሁሉም የታወቀ ቦታ ነበራቸው። ሆኖም ይህ ሁሉ ሥርዓት ሰፈሩ በቆመበት ጊዜ የሚጠበቅ እንጂ ሰፈሩ ከተነሣ በኋላ የሚቀረውን ምድር የሚመለከት አልነበረም። የአካባቢው እንጨትና ቀለብ ሲመናመን ድንኳኑ ይነቀላል፤ አመዱና የተራቆተው መሬት ለባላገሩ ይቀራል።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ለረጅም ዘመን ቋሚ ስፍራ አገኘ። ነገር ግን ልማዱ ፈጽሞ አልጠፋም። አዲስ አበባ ራስዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ብዙ ሳትቆይ የማገዶ እጥረት ስላስጨነቃት፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ዐስበው ሥራ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ከመለቀቅ ያዳናት ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ከዚህም አንድ ነገር እንረዳለን። ሰፈር ከተማ የሚሆነው ቤቱ ከድንጋይ ስለ ተሠራ ብቻ አይደለም፤ የሚኖርበት ሰው የወሰደውን መተካትና የተረፈውን ማንሣት ሲጀምር ነው።

በደቡብ ምዕራቡ አገር ደግሞ ሰፍሮ የመልቀቅ ታሪክ ከሌላው ስፍራ ይልቅ መራራ ነበር። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1889 ዓ.ም. ወደ ካፋ ከዘመቱ በኋላ፣ የቤንች ሕዝብና ጎረቤቶቹ የሚኖሩበት፣ በዚያን ጊዜ በውጭ ሰዎች ዘንድ «ጊሚራ» ይባል የነበረው አገር በነፍጠኛና በገባር ሥርዓት ሥር ወደቀ። ሹም ሽር በመጣ ቁጥር የሚለቁት ገዥዎችና ወታደሮቻቸው ከብቱንና ንብረቱን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ጭምር እየነዱ ይሄዱ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መስክረዋል። በዚህም ምክንያት የካፋ፣ የጊሚራና የማጂ አገር ብዙ ሰው አጣ። ይህን የምንጠቅሰው ያን ከባድ በደልና አንድ ባልዲ ጥሎ መሄድን በአንድ ዐይን ለማየት አይደለም፤ እንዲህ ያለ አስተያየት ለተበደሉት ሰዎች ክብር የማይገባ ነው። የምንጠቅሰው ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም «የሚለቅ ሰው ሒሳቡን የሚያወራርደው ከማን ጋር ነው?» የሚል ነው። ገዥው ሲሻር የሚጠየቀው ለማዕከሉ መንግሥት ስለሚገባው ግብር ነበር። በአገሩ ላይ ስላደረሰው ግን የሚጠይቀው አልነበረም። ሒሳቡ ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን አይታይም ነበር። ይህ የሒሳብ አያያዝ ወደ ኋላ ስንመጣ እንደገና ይገጥመናል።

አሁን ወደ ተማሪው እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪዎቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ ምግባቸውም መኝታቸውም ከኮሌጁ ነበር። አልጋው፣ ብርድ ልብሱ፣ ጠረጴዛው የመንግሥት ነው፤ የተማሪው ንብረት በአንድ ሳጥን ተጠቃሎ የሚገባ ነበር። እንግዲህ ሲወጣ የሚተወው ብዙ ነገር ከየት ይመጣል? በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ከተቋቋመ በኋላ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ የአዳሪነቱ ሥርዓት ለብዙዎች ቀርቶ ተማሪዎች በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አካባቢ ቤት እየተከራዩ መኖር ጀመሩ። በኪራይ ቤት የሚኖር ተማሪ አልጋና ምድጃ ቢገዛ፣ ሲለቅ ለሚተካው ጓደኛው ይሸጣል ወይም ለቤት አከራይቱ ይተዋል። ዕቃው ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል እንጂ ጓሮ አይጣልም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ዕቃው ውድ ነበር፣ ተቀባዩም በስሙ የሚታወቅ ሰው ነበር።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲሠማሩ፣ የአገራችን ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት ከተማ ለቆ ከማያውቀው ሕዝብ ጋር ሰፈረ። ይሁን እንጂ ዛሬ የምናየውን ሁኔታ የፈጠረው ከዚያ በኋላ የመጣው የዩኒቨርስቲዎች መስፋፋት ነው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርስቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋሙት 13 አዳዲስ ዩኒቨርስቲዎች አንዱ ነው፤ ስሙ እንደሚያስረዳው ግቢዎቹ በሚዛንና በቴፒ ናቸው። ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ፣ ቀድሞ የጊሚራ አውራጃ ከተማ የነበረች ናት። የተማሪዎች ምደባ በአገር አቀፍ ደረጃ ስለሚደረግ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሐረርጌ የተነሣ ተማሪ በቡናው አገር ሊመደብ ይችላል፤ የቤንች ልጅም እንዲሁ ወደ ሰሜን ይሄዳል።

የክምሩ የመጀመሪያ ምክንያት እንግዲህ ርቀት ነው። ተማሪው በአንድ ሻንጣ መጥቶ፣ ለዓመታት የሚያስፈልገውን ባልዲ፣ ጀሪካንና ሳፋ ከገበያ ይገዛል። ሲመለስ ሁለት ቀን ሊወስድ በሚችል የአውቶቡስ ጉዞ ላይ ለጭነት የሚከፍለው ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ጋር ይወዳደራል። ሁለተኛው ምክንያት ርካሽነት ነው። የሸክላ እንስራና የቆርቆሮ ባልዲ ሲሰበር ይጠገን ነበር። ፕላስቲክ ግን ሲሰነጠቅ መጠገኑ ያስቸግራል፤ አዲስ መግዛት ይቀላል። ሦስተኛው ምክንያት ችኮላ ነው። የመጨረሻው ፈተና፣ የምረቃው ቀንና የአውቶቡሱ ትኬት በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጨናነቃሉ።

አራተኛው ምክንያት ግን ከሁሉ የሚበልጥ መስሎ ይታየናል፤ እርሱም ክሊራንስ ነው። ተማሪ ግቢውን ከመልቀቁ በፊት አንድ ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፉን፣ ፕሮክተሩ ፍራሹንና የሎከሩን ቁልፍ፣ ሌላውም ክፍል የራሱን ይጠይቃል፤ ፊርማው ሲሟላ ተማሪው ነፃ ነው ይባላል። ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነው፤ የሕዝብ ንብረት ነውና። እንዲያውም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የግዥና ንብረት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 649 የመንግሥት ንብረት እንዴት እንደሚያዝና እንዴት እንደሚወገድ በዝርዝር ደንግጎ ነበር። የተሰባበረ ወንበርና የዛገ አልጋ በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ለዓመታት ተቈልሎ የሚታየውም፣ ከመዝገብ ሳይሠረዝ ስለማይጣል ነው። እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክምር አለ። አንደኛው ባለቤት ስላለው የማይጣል ነው፤ ሁለተኛው ባለቤት ስለሌለው የሚጣል ነው። ክሊራንስ የመጀመሪያውን ቈጥሮ ይረከባል፤ ሁለተኛውን ግን አያየውም። ሒሳቡ ዛሬም ወደ ላይ ብቻ ይታያል ማለት ነው።

የሁለተኛውን ክምር ሒሳብ የሚከፍለው ማን ነው? በአዲስ አበባ ቢሆን «ቁራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ነጋዴ፣ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ አዲስ ሳፋ የሚሰጠው የልዋጭ ነጋዴ፣ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ብረቱን ቀጥቅጦ ምድጃ የሚያደርገው ሠራተኛ ብዙውን ነገር ያነሡታል። እነዚህ ሰዎች ማንም ሳያመሰግናቸው ለከተማው ታላቅ አገልግሎት ይሰጣሉ። ነገር ግን ፕላስቲክ የሚፈጩና የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች በአብዛኛው በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ስለ ሆኑ፣ ከሩቅ ከተማ ባዶ ጀሪካን ጭኖ መምጣት አያዋጣም። ስለዚህ ቀሪው የሚቃጠል ወይም በጎርፍ የሚወሰድ ይሆናል። የሚዛን አካባቢ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ውኃውም ወደ ባሮና አኮቦ ተፋሰስ ይወርዳል። ከጓሮ የተጣለ ላስቲክ በዚያው አይቀርም፤ ከቡናው ተክል መካከል ከሚያልፈው ጅረት ይገባል።

የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርስቲ በተቋቋመበት በዚያው በ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ቁጥር 513 ወጥቶ ዋናውን ኃላፊነት በከተማ አስተዳደሮች ላይ ጥሎ ነበር። ሆኖም በትንሽ ከተማ አጠገብ በሺሕ የሚቈጠር ሰው በአንድ ሳምንት ሲለቅ፣ ሸክሙ ለዓመቱ ሁሉ ከተዘጋጀው አቅም ያልፋል። ከዐይን የራቀ ቆሻሻ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አገራችን በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቆሼ አይታለች፤ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የሞቱት ቆሻሻውን የጣሉት ሳይሆኑ ከሥሩ ይኖሩ የነበሩት ድኾች ናቸው።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ብዙው የተማሪ ኪራይ ውል በሴፕቴምበር 1 ቀን ስለሚለወጥ፣ በዚያን ቀን መንገዱ በአልጋና በወንበር ይሞላል፤ አልስተን በሚባለው ሰፈር መንገደኛው የሚፈልገውን ስለሚያነሣ ሰዎች ቀኑን በቀልድ «የአልስተን ገና» ይሉታል። በኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርስቲ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ተማሪዎች ራሳቸው ተነሥተው፣ በሚወጡበት ወር የተተወውን ሰብስበው አስቀምጠው፣ በአዲሱ ዓመት ለሚገቡት በርካሽ ዋጋ ሸጡ፤ በተገኘውም ገንዘብ የሚቀጥለውን ዓመት ሥራ አከናወኑ። የባለጸጋው አገር ተማሪ አልጋ ይጥላል፤ የእኛ ተማሪ ባልዲ ይጥላል። ልማዱ ግን አንድ ነው፤ መፍትሔውም ከባድ አለመሆኑን ይህ ምሳሌ ያሳያል።

«የምንተወው ለጽዳት ሠራተኞች ይጠቅማቸዋል» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ከፊሉ እውነት ነው፤ ጀሪካኑን ወደ ቤቷ ወስዳ የምትጠቀምበት እናት አለች። ነገር ግን ስጦታ ታጥቦ በእጅ ይሰጣል፤ ተቀባዩም ለመውሰድም ላለመውሰድም መብት አለው። ከቆሻሻ ጋር ተደባልቆ የተተወ ዕቃ ግን ስጦታ አይባልም፤ የመለየቱን ድካም በድኻው ላይ መጫን ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው፤ ክረምቱ አልፎ አዲሶቹ ተማሪዎች ሲገቡ፣ ከእነርሱ መካከል እናቱ የቋጠረችለትን ጥቂት ብር የያዘ ልጅ የመጀመሪያ ሥራው ገበያ ወርዶ ጀሪካን መግዛት ነው። እርሱ የሚገዛው ጀሪካን ሐምሌ ላይ በጓሮው ክምር ውስጥ ነበር።

ስለዚህ የጥናታችን መደምደሚያ አጭር ነው። መኝታ ቤቶቻችን ግንብ ቢሆኑም፣ አለቃቀቃችን ገና የድንኳን ሰፈር አለቃቀቅ ነው። ይህን ለመለወጥ አዲስ ዐዋጅ አያስፈልግም። በክሊራንሱ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ ፍራሹን የሚረከበው ፕሮክተር፣ ተማሪው የሚተወውን ደኅና ዕቃ አጥቦ ወደ አንድ የተወሰነ ክፍል ማስገባቱን፣ ቆሻሻውንም ለይቶ ማውጣቱን አይቶ ይፈርም። ያ ክፍል ክረምቱን ተቈልፎ ቆይቶ በአዲሱ ዓመት ለገቢዎቹ፣ በመጀመሪያም ለተቸገሩት ይከፈት። ከዚያ የሚተርፈውን የሚፈልግ የጽዳት ሠራተኛ በክብር ተጠርቶ ይውሰድ።

አዲስ አበባ ከመለቀቅ የዳነችው ነዋሪዎቿ ዛፍ በመትከላቸው ነው። ዛፉን የሚተክል ሰው ጥላውን ሌላ ሰው እንደሚቀመጥበት ያውቃል። እኛም አራትና አምስት ዓመት የቡናውን አገር ውኃ ጠጥተን፣ እንግድነታችንን በመልካም ከተቀበለን ሕዝብ ስንለይ፣ ሒሳባችንን ከመዝገብ ቤቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከአገሩም ጋር አወራርደን ብንወጣ ይገባናል።